በቃሬዛ የወጡት

መቐለ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1938 ዓ.ም.

ለክብርት እትዬ እማዋይሽ
አሥመራ

ይህ ወረቀት ከእጅዎ ሲገባ በጤናና በሰላም ያግኝዎ። ቸሩ አምላክ በሰው አገር ከክፉ ይሰውርዎ።

አያውቁኝም ይሆናል። የአቶ ፈንታሁን ልጅ ከፋለ ነኝ። አባቴና እርስዎ የእኅትማማቾች የልጅ ልጆች ናችሁ። መቐለ ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው፤ በሆስፒታሉ መዝገብ ያዥ ነኝ።

የምጽፍልዎ ስለ ልጅዎ ስለ ሸዋወርቅ ነው። አይደንግጡ። ጥቅምት 8 ቀን ውሃ ቀድታ ስትመለስ የድንጋይ ደረጃ ላይ ወድቃ የግራ ጭኗ አጥንት ተሰብሯል። ባሏ ሀብቴ የስልክ መስመር ጠጋኝ ስለሆነ ያን ቀን ማይጨው በኩል ነበር። ጎረቤቶች ተሸክመው አመጧት። ዘመድነታችንን የደረስኩበት ስሟንና አገሯን ስመዘግብ ነው። ዶክተሩ አጥንቱን አቃንቶ እግሯን በገመድና በአሸዋ ከረጢት ወጥሮ አሰረው። ሦስት ወር ከአልጋ አትነሳም ብሏል።

የሴቶች ክፍል ሁለት ነው። አንደኛው ከዋናው በር አጠገብ ነው፤ ለቀን ሥራ ከወሎ የመጡ ሴቶች፣ መንገደኞች፣ ጠያቂ የሌላቸው ሁሉ እዚያ ይተኛሉ። ሁለተኛው ወደ ጓሮ የሚከፈት በር አለው፤ ቤተሰብ ምግብ የሚያመላልስላቸው የከተማው ሴቶች ይተኙበታል። ሸዋወርቅ ዘመድ የላትም ተብሎ ወደ አንደኛው ልትገባ ነበር። እኔ አይሆንም አልኩ። ምክንያት አለኝ። በክረምቱ ሥራ ሲቀዘቅዝ ማንም ሳያዘኝ የስድስት ወር መዝገብ አገላብጬ ቆጠርኩ። ከሚያዝያ እስከ መስከረም አንደኛው ክፍል 118 ሴቶች ገቡ፣ 22 ሞቱ። ሁለተኛው ክፍል 124 ገቡ፣ 4 ሞቱ። ሠንጠረዡን ለዶክተሩ ባሳየው ሁለት ጊዜ አነበበና ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። በሁለተኛው ክፍል ያለው አሠራር መልካም ስለሆነ ሌላውም እንደዚያው ይሁን የሚል ቃል ጨምሮ፣ ፈርሞ ወደ አዲስ አበባ ልኮታል።

ስለዚህ ቁስል የሚያስሩትን የድሬሰሮቹን አለቃ ወልደአማኑኤልን ለመንኩት። የመቐለ ሰው ነው፤ ዶክተሩንም የሚያስተረጉመው እሱ ነው። አልጋ የለም ቢለኝ ሠንጠረዡን አወጣሁለት። «አታ ሐወይ፣ ወንድሜ፣ ለሴት በቁጥር የሚማልድ ዛሬ አየሁ» አለና አልጋ ፈለገ። አሁን ሸዋወርቅ ሁለተኛው ክፍል በመስኮቱ ሥር ተኝታለች። ልብዎ ይረፍ።

ይህን የሚያደርስልዎ የወሎው ነጋዴ አብዱልወሃብ ነው፤ በጭነት መኪና ይመላለሳል። እዚህ መስመር ያለው ወረቀት ጠፍቷል፤ ቢያገኙ በእሱ ይላኩልኝ። ሸዋወርቅ ሰላም ብላለች።

ታዛዥዎ ከፋለ ፈንታሁን


አሥመራ፣ ጥቅምት 28 ቀን 1938 ዓ.ም.

ለልጄ ለከፋለ

እንደምን አለህልኝ? ያባትህ አምላክ ይጠብቅህ። አባትህን በልጅነቱ አውቀዋለሁ፤ ችኩል ነበር።

ልጄን ስላነሳህልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰላም ብላለች ያልከው ግን ውሸት ነው። ሸዋወርቅ እኔን ሰላም አትልም። ትቻት የወጣሁ ጊዜ አሥር ዓመቷ ነበር። ለምን እንደ ወጣሁ አልጽፍልህም። ከእንግዲህ ግን ያልተባለውን ተባለ ብለህ አትጻፍልኝ።

እኔ እዚህ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነኝ። አባቴ ዳዊት አስደግመውኝ ስለነበር ማንበብና መጻፉ አልጠፋኝም። ዘጠኝ ዓመት ብርድ ልብስ አጥቤአለሁ። ማን እንደ ተሻለው፣ ማን እንደ ከፋበት ከጨርቁ አውቃለሁ። ስለዚህ የጻፍከውን ቁጥር ሦስት ቀን ሳስበው ሰነበትኩ። ከ124 ሴት አራት ብቻ? እዚህ ይህ ሁሉ ሐኪም እያለ ከዚያ ይበልጥ ይሞታል። ያ ክፍል ምን አግኝቶ ነው? መድኃኒቱ ከአንደኛው ክፍል ይለያል? ሐኪሙ ይለያል? ያንድ ግቢ ሁለት ክፍል እንዲህ ከተራራቀ እኔ ደስ አይለኝም። እፈራለሁ።

ሁለት ነገር ጠይቀህ ጻፍልኝ። አንደኛ፣ ከእያንዳንዱ ክፍል በሳምንት ስንት ብርድ ልብስ ይቀቀላል? ሁለተኛ፣ የወጡት ሴቶች ወጥተው የት ሄዱ?

ወረቀቱን ልኬልሃለሁ። ቀይና ሰማያዊ እርሳስም አለበት።

እማዋይሽ


መቐለ፣ ኅዳር 24 ቀን 1938 ዓ.ም.

ለክብርት እትዬ እማዋይሽ

ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎ። ወረቀቱም እርሳሱም ደርሶኛል፤ እጅዎ አይንጠፍ። መልሱ ስለዘገየ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ከኅዳር ወዲህ የሚገባው ሰው በዝቶ እጄ አልፈታ አለ። ስለ ሰላምታውም ይቅር ይበሉኝ። እውነቱ ይህ ነው፤ ለእናትሽ ምን ልበልልሽ ብላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ጥያቄዎን ለወልደአማኑኤል ብነግረው ሳቀ። «ሴትዮዋ አጣቢ ናቸው ወይስ ዳኛ?» አለ። እኔም እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ደምሬዋለሁ፣ ስሕተት የለበትም። ቢሆንም ጠየቅሁ።

እዚህ እንጨት ውድ ነው። ስለዚህ ደንብ ወጥቶለታል። በመዝገቡ «ሞተ» የተባለ ሰው ብርድ ልብስ በበርሜል ይቀቀላል። «ወጣ» የተባለው ድኖ የሄደ ስለሆነ ብርድ ልብሱ ይራገፍና ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ያንኑ ቀን ለሚቀጥለው ሰው ይታደላል። በየጠዋቱ ለአጣቢዋ ለጣይባ የሞተውንና የወጣውን ለይቼ የምነግራት እኔ ነኝ። ጣይባ የወሎ ሴት ናት፤ ብዙ አትናገርም። ከየክፍሉ ስንት ትቀቅያለሽ ብላት፣

«ከአንደኛው በሳምንት አንድም ሁለትም። ከሁለተኛው የቀቀልኩበትን ቀን አላስታውስም» አለች።

«እዚያማ ስለሚድኑ ነው» አልኳት።

«እንጃ ጌታዬ። የዳነ ሰው ልብስ እንዲህ ቅማል ሲያፈላ አላየሁም።»

ይህን ብቻ ነው ያለችው። የወጡት የት ሄዱ ለሚለው ደግሞ፣ ወደየቤታቸው ነው የሄዱት፤ ሌላ የት ይሄዳሉ?

ሸዋወርቅ ደህና ናት። ትበላለች፤ ከረጢቱ ከበደኝ ብላ ድሬሰሮቹን ትሳደባለች። ከጎኗ እጇን እሳት የበላት ሴት ተኝታ ነበር፤ ጓደኛሞች ሆነው ነበር። ከትናንት በስቲያ ቤተሰቦቿ መጥተው በቃሬዛ ወሰዷት። ሸዋወርቅ አዝናለች። ብርዱ ስለጠና የዚያችን ሴት ብርድ ልብስ ደርቤላታለሁ። ሌላ ሰው ሁለት ብርድ ልብስ የለውም።

ልብስ ሳሙና ጠፍቷልና ቢቻልዎ ጥቂት ይላኩልን።

ታዛዥዎ ከፋለ


አሥመራ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 1938 ዓ.ም.

ከፋለ

ሰላምታውን ሌላ ቀን እጽፍልሃለሁ። አብዱልወሃብ መኪናውን እያሞቀ ነው።

እጇ የተቃጠለ ሴት በእግሯ ትሄዳለች። ለምን በቃሬዛ ወሰዷት? የታመመው እጇ ነው እኮ! የዳነ ሰው አራት ሰው ተሸክሞ የሚያወጣው የት አገር ነው?

የደረብክላትን ብርድ ልብስ ዛሬውኑ አንሳ። ቀቅለው። ከሥሩ ያለውንም ቀቅለው። ልጄን ከዚያ ክፍል አውጣት፤ አንደኛው ክፍል አስገባት። እግሯ ካላስነሳት አልጋዋን ከነገመዱ ግፉት።

ከዚያ በኋላ መዝገብህን ትተህ ወደ ሰዎቹ ቤት ሂድ። ወጣ ካልካቸው መካከል ያገኘኸውን ያህል ፈልግና በር እያንኳኳህ ጠይቅ። አሁንም ደግመህ የምትቆጥረው ያንኑ ወረቀት ከሆነ ያንኑ ታገኛለህ።

እማዋይሽ


መቐለ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 1938 ዓ.ም.

ለክብርት እትዬ እማዋይሽ

እግዚአብሔር ያጽናዎ።

ወረቀትዎ የደረሰኝ ታኅሣሥ 9 ቀን ነው። ከዓዲግራት ወዲህ ሽፍታ መንገድ ዘግቶ መኪኖች ስምንት ቀን ቆመው ነበር። ሽፍታ ባይኖር ኖሮ እያልኩ አስባለሁ፤ ማሰቡ አይረባም።

ብርድ ልብሶቹን ያንኑ ሰዓት አንስቼ ለጣይባ ሰጠሁ። አልጋዋን ግን ማንቀሳቀስ አልተቻለም፤ ገመዱ የታሰረው ከጣራው እንጨት ነው።

ወደ ሰዎቹ ቤት ሄድኩ። ከሥራ በፊትና ከሥራ በኋላ ስድስት ቀን ዞርኩ። የመጀመሪያው ቤት የዚያች እጇን እሳት የበላት ሴት ቤት ነው፤ ከእንዳ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን አለፍ ብሎ ነው። ደጁ ላይ አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን በነጠላ አስረው ተቀምጠዋል። ከሆስፒታል ነው የመጣሁት፣ ልጅዎ እንዴት ናት አልኳቸው።

«ዘገየህ ልጄ፤ ዛሬ አሥራ አራት ቀኗ ነው» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «እጇ ግን ድኖ ነበር» አሉ።

መዝገቡ ወጣች ይላል ማለት አልቻልኩም።

ከእሷ ሌላ፣ በዚያ ሠንጠረዥ ከሁለተኛው ክፍል «ወጣ» ብዬ ከጻፍኳቸው 120 ሴቶች የ34ቱን ቤት አገኘሁ። አሥራ ስድስቱ ሞተዋል። አብዛኞቹ በወጡ በሳምንት ውስጥ ነው፤ ሁለቱ መንገድ ላይ። ከአሥራ ስድስቱ አሥራ አንዱ ሆስፒታል የገቡት በትኩሳት አልነበረም። አንዷ በወሊድ፣ አንዷ በዓይን፣ አንዷ በውሻ ንክሻ ነው የገቡት። ተስቦ የያዛቸው እኛ ዘንድ ነው። ያላገኘኋቸው ሰማንያ ስድስት ናቸው፤ ስለ እነሱ ምንም አላውቅም።

ወልደአማኑኤልን ይዤ ጮህኩበት። አልተቆጣም። ሲጋራውን እያጠፋ፣

«ዋእ! ይህን የማያውቅ አለ? ሰው በሰው አልጋ አይሞትም። ሲከብድባት ቤተሰቧ ይመጣል፣ የንስሐ አባቷ ቤቷ ይጠብቃታል፣ ደብሯ ትቀበራለች። አንደኛው ክፍል ያሉት ወሰጂ የሌላቸው ናቸው፤ ስለዚህ እዚሁ ይሞታሉ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ ጠየቅከኝ? አንተ የጠየቅከኝ ሞተች ወይስ ወጣች ብለህ ነው። ወጣች።»

እንግዲህ ይህ ነው። ትኩሳት የያዛቸው በቃሬዛ ይወጣሉ፣ እኔ «ወጣ» እላለሁ፣ ጣይባ ብርድ ልብሱን ፀሐይ ላይ ታሰጣለች፣ ቅማሉ ወደሚቀጥለው ሰው ይሻገራል። እኔ ደግሞ ይህን ቆጥሬ መልካም አሠራር ነው ብያለሁ፤ ዶክተሩም ፈርሞበታል።

ለዶክተሩ ገና አልነገርኩትም። እፈራለሁ። ግን ከሦስት ቀን ወዲህ ጣይባ በጠዋት ስትመጣ የሁሉንም ስም «ሞተ» እያልኩ እነግራታለሁ። በመጀመሪያው ቀን «ባንድ ሌሊት ሰው አለቀ እንዴ?» አለችኝ። ዛሬ ስሞቹን ሳልጨርስ እሳቱን አነደደች።

ሳሙናው ይብቃ። እንግሊዞች ለወታደር የሚነሰንሱት ቅማል የሚገድል ነጭ ዱቄት አለ ይላሉ። እሱን ቢያገኙ ጥሩ ነበር።

ሸዋወርቅ ደህና ናት።

ታዛዥዎ ከፋለ


አሥመራ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 1938 ዓ.ም.

ከፋለ

ስለ ሰው ልጆች ገጽ ሙሉ ጻፍክልኝ፤ ስለ ልጄ ሁለት ቃል። ባለፈው ትበላለች፣ ትሳደባለች ብለህ ነበር። አሁን ትበላለች ወይ? ትሳደባለች ወይ? ሰውነቷ ይተኩሳል? ደረቷ ላይ ሽፍ ያለ ነገር አለ? የያዛትስ ስንት ቀን ሆነው?

ዱቄቱን በቆርቆሮ ልኬአለሁ። ከየት እንዳመጣሁት አትጠይቀኝ። በልብሷ ስፌት ላይ፣ በአልጋው ጨርቅ፣ በጠጉሯ ሥር ነስንሱት። ከእሷ ከተረፈ ጎኗ ላሉት ይሁን፤ አለዚያ ከእነሱ መልሶ ወደ እሷ ይመጣል። አንተም አንገትጌህና መቀነትህ ላይ አድርግ፤ ስድስት ቀን ለቅሶ ቤት ስትገባ ስትወጣ ሰንብተሃል።

ለዶክተሩ ንገረው። ትፈራለህ፤ ፍራ። ፈርተህ ንገረው። አንተ ብቻ በአፍህ እያታለልክ እስከ መቼ ታስቀቅላለህ? አንድ ቀን ብትታመም ጣይባ ወደ ፀሐይዋ ትመለሳለች።

የይለፍ ወረቀት ጠይቄአለሁ። ሁለት ጊዜ መልሰውኛል። ነገም እሄዳለሁ።

የመጀመሪያ ወረቀትህን መልሼ አነበብኩት። ሁለተኛው ክፍል ያስገባሃት አንተ ነህ። ይህን የምለው አስቤ አይደለም፤ ከጻፍኩት በኋላ ግን ልሰርዘው አልቻልኩም።

እማዋይሽ


መቐለ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 1938 ዓ.ም.

ለክብርት እትዬ እማዋይሽ

ምን ብዬ ሰላም እንደምልዎ አላውቅም።

ትኩሳቱ የጀመራት ታኅሣሥ 13 ቀን ነው። ደህና ናት ብዬ በጻፍኩልዎ ዕለት ሁለት ቀን አልፎት ነበር። አልቀመሰችም፤ አትሳደብም። ደረቷ ላይ ሽፍ ብሏል። ዛሬ አሥራ አራት ቀኗ መሆኑ ነው። ዱቄቱ ደርሶ እንዳሉት አድርገናል፤ የያዛትን ግን አያወጣውም።

ለዶክተሩ ነገርኩት። ያስተረጎመልኝ ወልደአማኑኤል ነው። ዶክተሩ አሥራ ስድስት የሚለውን ሰምቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ሠንጠረዡ ሄዷል» አለ። ከዚያ ብርድ ልብስ ሁሉ ይቀቀል፣ እንጨት ቢጠፋ አሮጌው አጥር ይፈለጥ ብሎ አዘዘ። በመዝገቡም «ወጣ» የሚለው ለሁለት ይከፈል፣ በእግሩ የወጣና በቃሬዛ የወጣ ተብሎ ይጻፍ አለ። ወደ አዲስ አበባ ስለ ሄደው ግን ሌላ ቃል አልተናገረም።

አሁን የሠራሁትን ልንገርዎ። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት።

ትናንት ጠዋት ሀብቴ ከአራት የስልክ ሠራተኞች ጋር መጣ። ቃሬዛውን ከስልክ እንጨትና ከሽቦ ሠርተውታል። ሀብቴ ክፉ ሰው አይደለም። ዓይኑ አብጧል።

«ከፋለ ወንድሜ፣ ውለታህን አልረሳም። አሁን ሚስቴን ስጠኝ። ቄሱ ቤት ሆነው ይጠብቁናል። የገና ሰሞን ነው፤ በቤቷ ትሁን» አለኝ።

«እግሯ አልጠናም። ገመዱ ተፈቶ በዚህ ብርድ ስትናጥ ብትሄድ እመንገድ ትቀራለች» አልኩት።

«እግሯን ምን ታደርገዋለች?» አለ።

«ቄሱ እዚህ ይምጡ።»

«ለመንኳቸው። ተስቦ ቤት አልገባም ብለዋል።»

ሰዎቹ ገመዱን መፍታት ጀመሩ። ወልደአማኑኤል ቢከለክላቸው ገፈተሩት። እኔ ጠረጴዛዬ በሩ ላይ ነው። መዝገቡን ገለጥኩና ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ በቃሬዛ የምትወጣ ሴት ሁሉ ሞተች ተብላ ትጻፋለች አልኩ። ዶክተሩ እንዲህ አላዘዘም። እኔ ነኝ ያልኩት።

«ነፍሷ እያለ?» አለ ሀብቴ።

«ነፍሷ እያለ።»

«አትደፍርም።»

ብዕሬን ነከርኩ። ሸዋወርቅ ብዬ ጻፍኩ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ማንበብ የሚችል ነበር፤ ከትከሻዬ በላይ ያያል። «ተው አንተ ሰውዬ» አለኝ። ሀብቴ ግን አንሱ አላቸው። አነሷት። በዚያን ጊዜ ሞተች ብዬ ጻፍኩ።

«ጻፋት!» አለ ያ ሰው፤ የያዘውን ጫፍ ለቀቀና አማተበ። ሌሎቹ እንደ ምንም አልጋው ላይ መልሰው አስቀመጧት። ሀብቴ ወጥቶ ሄደ፤ ቃሬዛውን እንኳ አልወሰደም። በክፍሉ ያሉት ሴቶች ፊታቸውን ሸፍነው ያለቅሳሉ።

ሸዋወርቅ ነቅታ ነበር። ዓይኗን ገልጣ «ጻፍከኝ?» አለችኝ። ከእኔ ጋር ከተነጋገረች አምስት ቀን ሆኗት ነበር። ከዚያ ወዲህ አልተናገረችም።

የመዝገቡ ገጽ ቁጥርና ማኅተም አለው፤ አይቀደድም፣ አይፋቅም። ሌሊቱን ሙሉ ስሟ በፊቴ ነበር። ከሞተች የገደልኳት እኔ የጻፍኩ ጊዜ ነው እያልኩ እፈራለሁ። ልሰርዘው ወይ? ይንገሩኝ።

ከፋለ


አሥመራ፣ ጥር 4 ቀን 1938 ዓ.ም.

ለከፋለ

ይህን ስጽፍ ልጄ በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም። አንተ ስታነበው ታውቀዋለህ።

እጅህ ይቆረጥ ብዬ ተራግሜሃለሁ፤ ደብቄ አልይዝብህም። ወረቀቱን ሁለተኛ ሳነበው ግን ሌላ ነገር አየሁ። እነዚያን አሥራ ስድስት ሴቶች እየሞቱ ሳለ ደህና ናቸው ብለህ ጻፍካቸው፤ በዚያ የሰው ነፍስ ጠፋ። ልጄን በሕይወቷ ሳለች ሞተች ብለህ ጻፍካት፤ ካልጋዋ ሳትነሳ ቀረች። ከሁለቱ ውሸት የኋለኛውን እመርጣለሁ።

አትሰርዘው። ሰርዘኸው ከሆነም መልሰህ ጻፈው። የተሰረዘ መሆኑን ከሰሙ ተመልሰው ይመጣሉ። ትኩሳቱ ለቋት፣ እህል ቀምሳ፣ እግሯን መሬት እስክታስረግጥ ድረስ እንደ ሞተች ትቀመጥ።

የይለፍ ወረቀቱን ሰጥተውኛል። የሚሠራው ግን ከጥር መጨረሻ ጀምሮ ነው፤ ያን ጊዜ የመጀመሪያው መኪና ላይ እወጣለሁ። እስከዚያ ድረስ የሆነውን ሁሉ ሳታሳምር ጻፍልኝ።

እማዋይሽ


መቐለ፣ ጥር 25 ቀን 1938 ዓ.ም.

ለክብርት እትዬ እማዋይሽ

ልጅዎ አለች። ይህን አስቀድሜ ልጻፍ። በቴሌግራም ልነግርዎ ሞክሬ መስመሩ ተቆርጧል አሉኝ፤ አብዱልወሃብም ገና ዛሬ መጣ።

ትኩሳቱ የለቀቃት ታኅሣሥ 30 ቀን ሊነጋጋ ሲል ነው። ላብ በላብ ሆነች። ጣይባ ናት ያየቻት። ቀኝ ጆሮዋ አይሰማም፤ ጠጉሯ እየረገፈ ነው። ትላንት አጃ ጠጣች፤ ገመዱም ተፈቷል። እግሯ ትንሽ አጥሯል፤ ዶክተሩ በምርኩዝ ትሄዳለች ብሏል። ዶክተሩ መዝገቡ ላይ የጻፍኩትን አይቶ ለሦስት ቀን አላነጋገረኝም። ኋላ በቀይ አስምሮበት ከጎኑ ፈረመ። ሀብቴ ምግብ በጎረቤት ይልካል፤ ራሱ ግን ግቢውን አልረገጠም። ሞታለች የተባለችን ሴት ቤት ማስገባት የሚፈሩ ጎረቤቶችም አሉት።

እናትሽ ልትመጣ ነው አልኳት። ትምጣ አላለችም። አትምጣም አላለችም።

አሁን የምፈራው ሌላ ነው። ሳታሳምር ብለውኛልና እንዳለ እጽፋለሁ። ያ የሠራሁት ነገር በአንድ ቀን ከተማውን አዳረሰው። ገበያ ላይ ሴቶች ሲያዩኝ ልጆቻቸውን ወደ ኋላ ይስባሉ። ሰውን በቁሙ ሞተ ብሎ የሚጽፍ ሰው አለ፣ ስምሽን እንዳትሰጪው ይባባላሉ። ሁለተኛው ክፍል የነበሩት ከገና በኋላ አንድ በአንድ ሄዱ፤ የቻሉት በእግራቸው፣ ያልቻሉትን በጓሮው በር ሳናይ ወሰዷቸው። በጥር ወር አዲስ የገቡት ሦስት ብቻ ናቸው። ሦስቱም ድነዋል።

ትናንት የወሩን ሠንጠረዥ ሠራሁ። ሁለተኛ ክፍል፣ የገባ 3፣ የሞተ 0። ብርድ ልብሱ ሁሉ ተቀቅሏል፣ ቅማል የለም፣ ወለሉ ታጥቧል። ዶክተሩ ዜሮዋን ለረጅም ጊዜ ተመለከታት። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄዶ ቆመ። ወልደአማኑኤል «ሐወይ፣ ከዚህ የሚያምር ቁጥር አይመጣልህም» አለኝ። እንደ ድሮው አልሳቀም።

ዶክተሩ አልፈረመበትም። እኔም ፈርምልኝ አላልኩትም።

ከእንዳ ኢየሱስ በኩል በየጠዋቱ ለቅሶ ይሰማል። ተስቦው ከከተማው አልወጣም፤ ከእኛ ብቻ ነው የወጣው። እኔና ወልደአማኑኤል ለቅሶ በሰማን ቁጥር አቅጣጫውን እንይዛለን። ከሰኞ ወዲህ አሥራ አንድ ቤት ነው። ከእነዚያ ቤቶች አንድም ሰው እኛ ዘንድ አልመጣም፤ በየትኛውም መዝገብ የሉም።

ሲመጡ ዱቄቱን የቻሉትን ያህል ይዘው ይምጡ። ዶክተሩ ፈቅዷል፤ ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ ቤት ለቤት ልንሄድ ነው። የታመመ ሰው ከየቤቱ አንወስድም፤ ልብሱን ብቻ እናስቀቅላለን፣ ዱቄት እንነሰንሳለን። በሩን የምታንኳኳው ጣይባ ናት፤ የሚያናግራቸው ወልደአማኑኤል ነው። እኔ ውሃውን እሸከማለሁ። ብዕርና ወረቀት አልይዝም። ያየሁትን በልቤ ይዤ፣ ስመለስ በሬን ዘግቼ እጽፈዋለሁ።

ይከፍቱልን እንደ ሆነ አላውቅም።

መንገዱን ያቅናልዎ።

ከፋለ ፈንታሁን